ያገለገለ ዕቃ ስንሸጥና ስንገዛ፦ የተቆረጠ ዋጋና የክርስቲያን ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤት የሚቀይር፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወይም ድንገተኛ ወጪ የገጠመው ምእመን የቤቱን ዕቃ ይሸጣል፤ አዲስ ለመግዛት ዐቅም ያጠረው ደግሞ ያንኑ ይገዛል። ቀድሞ ይህ ግብይት በአብዛኛው በጎረቤትና በዘመድ መካከል፣ ወይም «ልዋጭ»፣ «ቁራሌው» እያሉ በየመንደሩ ከሚዞሩት ነጋዴዎች ጋር ይፈጸም ነበር። ዛሬ የዕቃው ፎቶግራፍ በስልክ ይላካል፤ ዋጋውም በስልክ ይቆረጣል፤ ሻጭና ገዥ ብዙ ጊዜ የሚተያዩት ዕቃው በሚነሣበት ቀን ነው። በመካከላቸው ደረሰኝ የለም፤ የተጻፈ ውል የለም፤ ምስክርም የለም። ያለው «እሺ፣ በዚህ ዋጋ ተስማምተናል» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ከመስማማት በፊት በዋጋ መከራከር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሻጭ ከፍ አድርጎ መጥራቱ፣ ገዥም ዝቅ አድርጎ መጀመሩ ሁለቱም የሚያውቁት የገበያ ልማድ ስለሆነ ማንም አይታለልበትም። ኃጢአት የሚሆነው ክርክሩ ውስጥ ሐሰት ሲገባ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ገዝቶ ሲሄድ ግን በርካሽ ማግኘቱን እያወራ የሚመካውን ሰው ታዝቦ ጽፎልናል (ምሳ. 20፥14)። በእኛ ዘንድ ከዚህ የባሰም አለ። «ማርያምን፣ ከዚህ በታች አልሸጥም» ብሎ የማለው ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከዚያ በታች ይሸጣል። ስለ አንድ አሮጌ አልጋ የእመቤታችንን ስም በከንቱ መጥራት ምን ያህል እንደተለመደ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ፈጽሞ አትማሉ ብሎ፣ ንግግራችን እውነተኛ አዎንና እውነተኛ አይደለም ብቻ እንዲሆን ያዘዘው (ማቴ. 5፥34-37) የዕለት ንግግራችን ሁሉ ያለ መሐላ እንዲታመን ነው።

የአበ ብዙኃን አብርሃም ግብይት ለዚህ ታላቅ ምሳሌ ነው። ሣራ ባረፈች ጊዜ አብርሃም የመቃብር ቦታ ከኬጢያዊው ኤፍሮን ጠየቀ። ኤፍሮን በመጀመሪያ መሬቱን በስጦታ እንደሚሰጠው ተናገረ፤ አብርሃም ግን በዋጋ ካልሆነ አልወስድም አለ። ዋጋውም አራት መቶ ሰቅል ብር መሆኑ ሲነገረው በሕዝቡ ፊት፣ በነጋዴዎች ዘንድ በሚሠራበት ሚዛን መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23፥3-16)። ሐዘንተኛ ነበር፤ በምድሪቱም መጻተኛ ነበር። ገንዘቡን ሲመዝን ግን የጎደለ አልሰጠም፤ ዋጋውም እንደገና እንዲታይለት አልጠየቀም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አንዲት እኅት ማቀዝቀዣዋን በ20 ሺህ ብር ለመሸጥ ሰኞ ዕለት ተስማማች እንበል፤ ገዥው ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስድ ተነጋግረዋል። ረቡዕ ሌላ ሰው ደውሎ 23 ሺህ ብር እሰጣለሁ አላት። «ገና ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ ዕቃው የእኔ ነው» የሚል አሳብ ወዲያው ይመጣል። በእርግጥም ዕቃው ገና ከቤቷ አልወጣም፤ ቃሏ ግን ወጥቷል። የመጀመሪያው ገዥ በእርሷ ቃል ተማምኖ ሌላ መፈለጉን ትቷል፤ ምናልባት ከዕቁቡ ተበድሯል፤ የሚጭንበትን መኪና ተነጋግሯል። ቅዱስ ዳዊት በእግዚአብሔር ድንኳን የሚኖረውን ሰው ሲገልጽ፣ ለባልንጀራው የገባውን መሐላ የማያፈርስ መሆኑን ከሌሎቹ ምግባራት ጋር ቈጥሮታል (መዝ. 14)። ሦስት ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ቤተሰብ የአንድ ወር ቀለብ ድጎማ ነው። ቃልን መጠበቅ ዋጋ የሚያስከፍለን እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ምንም በማያጎድልብን ጊዜማ ማን ቃሉን ያፈርሳል?

የገዥው በደል ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይከፋል። ሻጩ ነገ በረራ አለው፤ ቤቱን ለአከራዩ ያስረክባል፤ ሌሎቹን ፈላጊዎች «ተሽጧል» ብሎ መልሷቸዋል። ገዥው ይህን ሁሉ አውቆ፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ «የያዝኩት 15 ሺህ ብቻ ነው» ይላል። ቀሪው ገንዘብ ግን በስልኩ ቴሌብር ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ብልጠት ተብሎ ይወራል፤ ነገር ግን ሐሰት ነው፤ የወንድምን ጭንቅ መጠቀሚያ ማድረግም ነው። ኦሪት በመሸጥና በመግዛት ጊዜ ወንድም ወንድሙን እንዳያታልል ያዘዘችው ለሁለቱም ወገን ነው (ዘሌ. 25፥14)። መጽሐፈ ሲራክም በድንጋይና በድንጋይ መካከል ችካል እንደሚገባ፣ በመሸጥና በመግዛት መካከል ኃጢአት እንደሚሰነቀር ያስጠነቅቃል (ሲራ. 27፥2)።

ስለ ቀብድ የሚጠይቁ ምእመናን አሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቅቆ፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀብድ ከተሰጠ እንግዲህ የሚቀር ሰው የሚከፍለው ካሣ ታውቋል፤ «የተቀበልኩትን መልሻለሁ» ብሎ እጥፉን ማስቀረት በሕጉም አያስኬድም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና መግዛት በሥጋዊው ክፍሉ መደንገጉ አባቶቻችን ገበያውን ከመንፈሳዊ ሕይወት ውጭ አድርገው እንዳልተመለከቱት ያሳያል። ይሁን እንጂ ስለ አሮጌ ሶፋ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። አብዛኛው ስምምነትም ያለ ቀብድ፣ በቃል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ያለው ምስክር እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ከስምምነት ወደ ኋላ ማለት ሁሉ በደል ነው ማለት ግን አይደለም። ሻጩ «ምንም እንከን የለውም» ያለው ማቀዝቀዣ ሲሰኩት የማያቀዘቅዝ ከሆነ፣ ገዥው የተስማማበት ዕቃ ይህ አይደለምና ዋጋው እንደገና ቢነሣ ወይም ሽያጩ ቢቀር በደሉ የገዥው አይደለም። በፎቶግራፉ ላይ በግልጽ የታየውን ጭረት እንደ አዲስ ግኝት አንሥቶ ማስቀነስ ግን ሰበብ ነው። ገዥው በቀጠሮው ካልመጣም ሻጩ ደውሎ ሌላ ቀን ይወስንለት፤ ያም ካለፈ ከቃሉ ነጻ ነው። «እስቲ ላስብበት» የተባለበትም ስምምነት አይደለም፤ ስለዚህ ቃል ለመስጠት ያልቈረጠ ሰው ይህንኑ በግልጽ መናገር አለበት።

እውነተኛ ችግር የገጠመውስ? ለምሳሌ ዕቃውን ሊሸጥ የተስማማ ሰው ልጁ ታሞ ጉዞው ቢቀርና ዕቃው ለራሱ ቢያስፈልገው፣ ለገዥው እውነቱን ነግሮ ከቃሉ እንዲፈታው ይለምነው። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብሎ ማሳወቅና «ብትፈታኝ» ብሎ መለመን አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው ውሳኔው የገዥው ነው። ገዥው ለመኪና የከፈለው ካለም መተካት ይገባል።

አስቀድሞ እንዲህ ያለ በደል የፈጸመ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሲቀርብ «ዋሸሁ» ብሎ ብቻ አይለፈው፤ ማንን ምን ያህል እንዳጎደለበት ይናገር። ዘኬዎስ በጌታ ፊት የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል የገባው (ሉቃ. 19፥8) በደሉን በገንዘብ ለክቶ ነው። በር ላይ ቆሞ አምስት ሺህ ብር ያስቀነሰ ሰው የሻጩ ቁጥር አሁንም በስልኩ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ባይኖር ወይም ሻጩ ባይገኝ፣ ገንዘቡን የት ማድረግ እንደሚገባው የንስሐ አባቱ ይነግሩታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።