ከጋፋት እስከ ያፋ፤ የአንድ የእጅ ባለሙያ ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶች ታሪክ

የጋፋት ስም በኢትዮጵያ የቴክኒክ ሥራ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው ከሴባስቶፖል መድፍ ጋር መሆኑ የታወቀ ነው። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች ግን ከምድጃው አጠገብ ቤትም ነበራቸው፤ አግብተው ወልደው ኖረውበታል። ከእነዚህ አንዱ የነበረውን የሞሪትስ ሆልን ቤተሰብ ከመኖሪያ ወደ መኖሪያ መከተል፣ አንድ ቤት በምን ምክንያት እንደሚጠፋና በምን ምክንያት እንደሚተርፍ ለመረዳት ያስችላል።

ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኝ ኮረብታማ ስፍራ ነው። አጼ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በስዊስ አገር ባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ፕሮቴስታንት የእጅ ባለሙያዎች በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት ወደ አገራችን መጡ። የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከቃላቸው ይልቅ የእጃቸውን ሥራ ፈለጉ። ሞሪትስ ሆል የክራኮው ተወላጅ የሆነ ብረት አቅላጭ ሲሆን፣ ትውልዱ ከአይሁድ፣ በኋላም ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነበር። ያገባት ወለተ ኢየሱስ፣ በሌላ ስሟ ካታሪና፣ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ነበረች።

የጋፋት ቤቶች በአገሩ ልማድ የተሠሩ የሣር ክዳን ቤቶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ቤት ለደጋው ብርድ የሚስማማ፣ ዕቃውም ከአካባቢው የሚገኝ ነው። ይሁን እንጂ ክዳኑ በየጊዜው ካልታደሰ፣ ግድግዳውም ካልተመረገ፣ ዝናቡ ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ በነዋሪው እጅ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ባለሙያዎቹንና ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። የጅዳንና የበሽሎን ገደል የሚያቋርጥ መንገድ እየተቆረጠ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ጉዞው ወራት ፈጀ። የጋፋት ቤቶችም የሚያድሳቸው አጡ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ፣ የሆል ቤተሰብ ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር ከአገር ወጣ። ልጃቸው ማግዳሌና የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ቤተሰቡ በመጨረሻ የሰፈረው በፍልስጥኤም ወደብ በያፋ ነበር።

ያፋ ደግሞ የራስዋ የሰፋሪዎች ታሪክ ነበራት። ቀድሞ የሞርሞን እምነት ሰባኪ የነበረውና በኋላ የራሱን ማኅበር ያቋቋመው ጆርጅ አዳምስ፣ በ1866 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ከሜይን ግዛት 150 ከሚበልጡ ተከታዮቹ ጋር ኔሊ ቼፒን በተባለች መርከብ ወደዚያች ከተማ መጥቶ ነበር። ሰፋሪዎቹ ለቤቶቻቸው የሚሆነውን እንጨት ከአገራቸው ጭነው መጥተው ገጣጥመው አቆሙት። በሽታና ችግር ስለበረታባቸው ግን ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። በ1869 እ.ኤ.አ. ሰፈሩን ቴምፕለር የተባሉት የጀርመን ሃይማኖተኞች ገዙት።

ማግዳሌና ሆል በ1888 እ.ኤ.አ. ፕላቶ ኡስቲኖቭ የተባለ ሩስያዊ መኮንን አገባች። ባልዋ በዚሁ ሰፈር ሆቴል ዱ ፓርክ የተባለ ሆቴል ነበረው፤ በ1898 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም አርፈውበታል። ታዋቂው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ የማግዳሌና የልጅ ልጅ ነው። ወንድምዋ ዳዊት ሆል ደግሞ ወደ አያቱ አገር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በአዲስ አበባ ኖረ፤ በቤተ መንግሥትም በአማካሪነት አገለገለ።

ዛሬ መድፉ በመቅደላ አለ፤ ያቀለጡት ሰዎች ቤቶች ግን የሉም። በያፋ የሆቴሉ ሕንፃ እስከ አሁን እንግዳ ይቀበላል፤ ከሜይን ከመጡት የእንጨት ቤቶችም ጥቂቶቹ ታድሰው ቆመዋል። ልዩነቱን በዕቃው ጥንካሬ ብቻ መተርጐም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም እንጨት ነበሩና። የያፋዎቹን ያተረፋቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ሲሄዱ ሌላ ነዋሪ መግባቱ፣ ኋላም ዋጋቸውን ያወቀ ባለሙያ መጠገኑ ነው። በደብረ ታቦርም ሆነ በሞጣ፣ በብቸናም ሆነ በሮብ ገበያ ያሉ የቀድሞ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ሲያልፉ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ይፈርሳሉ። ሁሉንም ማቆየት አይቻልም፤ ከመፍረሳቸው በፊት ለክቶ ንድፋቸውን በወረቀት ማስፈር፣ የሠሪዎቻቸውንም ስም መመዝገብ ግን የመሐንዲስ ሥራ ነው። የጋፋትን ቤቶች የለካ ሰው ባለመኖሩ፣ የመድፉን ክብደት የሚያውቅ ትውልድ የአቅላጩን ደጃፍ ስፋት አያውቅም።