የጨረራ አደጋ እና በሰው ጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የጨረራ አደጋ ማለት ጨረራ አመንጪ የሆነ ቁስ ወይም መሣሪያ ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ሰዎችን ወይም አካባቢን ለጉዳት የሚያጋልጥበት ክስተት ነው። የጨረራ አደጋ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ኒውክሌር ማመንጫ ጣቢያ ፍንዳታ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በልዩ ልዩ አገሮች ተራ ዜጎችን ለሞትና ለአካል ጉዳት ከዳረጉት አደጋዎች ውስጥ በርካታዎቹ የደረሱት በግንባታ ሥፍራ፣ በመንደርና በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ከጣት በማትበልጥ ቁራጭ ብረት ምክንያት ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የሚገኘው የጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ነው። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለ ሲሆን፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚሁ የምረቃ ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይልን ለሰላማዊ ዓላማ ለማልማት ያላትን ዕቅድ ይፋ አድርገዋል። የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ፣ ተርባይኖቹም ሆኑ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮቹ በዚህ ጽሑፍ የተገለጸውን ዓይነት ጉዳት የሚያደርስ ጨረራ አያመነጩም። የጨረራ ሥጋት ሊኖር የሚችለው በታላላቅ ግንባታዎች ላይ ለፍተሻና ለልኬት አገልግሎት ከሚውሉ መሣሪያዎች ነው። መረጃው የቀረበው ለቅድመ ጥንቃቄ እንጂ በሥፍራው አደጋ መድረሱን ለማመልከት አይደለም።

ጨረራ አመንጪ ቁሶች የሚገኙባቸው ሥፍራዎች

ጨረራ በዓይን አይታይም፤ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም፤ ሲነካም አይሰማም። በአገራችን ጨረራ ለበርካታ ጠቃሚ ተግባራት ይውላል። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ያገለግላል። በቃሊቲ ወንድ የቆላ ዝንቦችን (ፄፄ) በማምከን የዝንቡን ዝርያ ለመቀነስ ጥቅም ላይ ውሏል። በመንገድ ሥራ የአፈርን ጥግግት ለመለካት፣ በፋብሪካዎችም የታንከርን ይዘት ለማወቅ አነስተኛ ጨረራ አመንጪ ያላቸው መለኪያዎች ይሠራባቸዋል።

ለግንባታ ሠራተኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የብየዳ ፍተሻ ነው። የውኃ፣ የነዳጅና የእንፋሎት ቧንቧዎች ብየዳ ጥንካሬ በአልትራሳውንድ ወይም በጋማ ጨረራ ይመረመራል። በጋማ ጨረራ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኢሪዲየም-192 የተባለ ንጥረ ነገር ጥቅም ላይ ይውላል። ይህ ንጥረ ነገር በትንሽ የብረት ቀፎ ታሽጎ፣ ጨረራን በሚያግድ ከባድ መያዣ ውስጥ ይቀመጣል። ለፍተሻ ሲፈለግ በሽቦ ገመድ ተገፍቶ ይወጣል፤ ፍተሻው ሲያበቃ ደግሞ ተስቦ ወደ መያዣው ይመለሳል። አደጋው የሚፈጠረው ቀፎው ከገመዱ ተላቆ መሬት ላይ ሲወድቅና ባለሙያው ይህን በመለኪያ መሣሪያ ሳያረጋግጥ ሲቀር ነው። የኢሪዲየም-192 የጨረራ ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 74 ቀናት፣ የኮባልት-60 ከ5 ዓመት በላይ፣ የሲዝየም-137 ደግሞ 30 ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የጠፋ ቁስ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ አደገኛነቱን ያጣል ተብሎ አይጠበቅም።

ከሌሎች አገሮች የተገኙ ትምህርቶች

እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 1999 በፔሩ፣ በያናንጎ የውኃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ አንድ የብየዳ ሠራተኛ የወደቀ የኢሪዲየም ቀፎ አግኝቶ በሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ ከተተው። ምንነቱን ባለማወቁ ለበርካታ ሰዓታት ይዞት ቆየ፤ ወደ ቤቱም ይዞት ሄደ። በሕይወት ቢተርፍም ጉዳቱ እየከፋ በመሄዱ አንድ እግሩ ተቆርጧል። ባለቤቱም ለጨረራው ተጋልጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 በሞሮኮ፣ በመሐመዲያ በግንባታ ላይ በነበረ የኃይል ማመንጫ ተመሳሳይ ቀፎ ጠፍቶ አንድ ሰው አንሥቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። በዚህ ምክንያት 8 ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ የሞታቸው መንስኤ መጀመሪያ ላይ መመረዝ እንደሆነ ተገምቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ፣ ከካይሮ በስተሰሜን በምትገኘው ሚት ሐልፋ መንደር አንድ ገበሬ ለቧንቧ ብየዳ ፍተሻ ያገለግል የነበረ ቀፎ አገኘ። ውድ ማዕድን ስለመሰለው በቤቱ አስቀመጠው። የቤተሰቡ አባላት ቆዳ መቁሰል ሲጀምር ሕመሙ በመጀመሪያ የቆዳ ኢንፌክሽን ተደርጎ ታየ። አባትና ልጅ ሲሞቱ ሌሎች የቤተሰቡ አባላትም ለሕክምና ሆስፒታል ገብተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል፣ በጎያኒያ ከተማ ከተተወ የሕክምና ተቋም የተወሰደ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ፈራርሶ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ የነበረው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ የሲዝየም ዱቄት ሰዎችን በመማረኩ ለቤተሰብና ለጎረቤት ተከፋፈለ። ከ112,000 በላይ ሰዎች ሲመረመሩ በ249ኙ ላይ ብክለት ተገኝቷል፤ 4 ሰዎችም ሞተዋል።

እነዚህ አደጋዎች የሚጋሩት ነገር አለ። ቁሱን ያነሡት ሰዎች ምንነቱን የሚነግራቸው አላገኙም፤ በሞሮኮና በግብፅ እንደታየውም የተጎጂዎቹ ሕመም መንስኤ በወቅቱ ሳይታወቅ ጊዜ አልፏል። የወርቅ ማጠብ ሥራ በተለመደበት፣ ከግንባታ የተረፈ ብረትም በቆራሌዎች በሚሰበሰብበት እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባለ አካባቢ፣ መሬት ላይ የተገኘ የሚያብረቀርቅ ብረት ከማንሣት በፊት ጥንቃቄ ማድረግ ሕይወትን ያድናል።

ጨረራ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የጉዳቱ ክብደት በጨረራው መጠን፣ በተጋላጭነቱ የጊዜ ርዝመትና በተጋለጠው የሰውነት ክፍል ይወሰናል። ሰውነት የሚቀበለው የጨረራ መጠን በግሬይ፣ በጤና ላይ የሚያስከትለው ሥጋት ደግሞ በሲቨርት ይለካል። ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከምግብና ከሕዋ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል የተፈጥሮ ጨረራ ይቀበላል። የአንድ ጊዜ የደረት ራጅ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሲቨርት ያነሰ ነው፤ በመሆኑም ሐኪም ያዘዘውን የራጅ ምርመራ መፍራት አያስፈልግም።

መላ ሰውነት በአጭር ጊዜ ውስጥ 1 ግሬይና ከዚያ በላይ ጨረራ ሲያገኘው አጣዳፊ የጨረራ ሕመም ሊከሰት ይችላል። ሕመሙ በደረጃ የሚጓዝ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ፣ ከተጋለጡ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ራስ ምታትና ድካም ይታያል። ማስመለሱ ፈጥኖ በጀመረ መጠን የተቀበሉት ጨረራ ከፍተኛ መሆኑን ያመለክታል።

በሁለተኛው ደረጃ ምልክቶቹ ይጠፋሉ፤ ታማሚውም የዳነ ይመስለዋል። ይህ ጊዜ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሆኖም በዚህ ወቅት የአጥንት መቅኒ ደም የማምረት አቅሙ እየተዳከመ ነው። ብዙዎች ሕክምና ሳይሹ የሚቀሩት በዚህ አሳሳች የዕረፍት ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ደረጃ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕላትሌቶች በመመናመናቸው ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን፣ የድድና የአፍንጫ መድማት፣ የፀጉር መርገፍና ተቅማጥ ይከተላሉ። ከ3 እስከ 5 ግሬይ በመላ ሰውነታቸው ከተቀበሉ ሰዎች ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ማገገም ወይም ሞት ሲሆን፣ በወቅቱ የተጀመረ ሕክምና የመዳንን ዕድል ከፍ ያደርጋል።

ቀፎውን በእጅ የያዘ ወይም በኪስ ያኖረ ሰው ደግሞ የነካው አካሉ ብቻ ለከባድ ጉዳት ሊዳረግ ይችላል። ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያም በቀላሉ የማይድን ጥልቅ ቁስል ይሆናል። ቁስሉ የእሳት ቃጠሎ ይመስላል፤ ነገር ግን ታማሚው እሳት፣ የፈላ ውኃ ወይም ኬሚካል እንደነካው አያስታውስም። ምልክቱ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል፣ መንስኤው በቀላሉ ይዘነጋል።

ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳትም አለ። ጨረራ በካንሰር የመያዝን ዕድል ይጨምራል፤ የደም ካንሰር ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሌሎች ካንሰሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመትና ከዚያ በላይ በኋላ ሊታዩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቢል አደጋ በኋላ በተበከለ ወተት አማካይነት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በወሰዱ ሕፃናት ላይ የታይሮይድ ካንሰር ጨምሯል። በአደጋው አጣዳፊ የጨረራ ሕመም ከተረጋገጠባቸው 134 ሰዎች መካከል 28ቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞተዋል። በእርግዝና ወቅት፣ በተለይም ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከፍተኛ ጨረራ የፅንስን የአእምሮ ዕድገት ሊጎዳ ይችላል።

የተጋለጠና የተበከለ ሰው ልዩነት

የጨረራ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቀፎው ሳይፈስ ወይም ሳይሰበር ጨረራ ያገኘው ሰው ራሱ ጨረራ አመንጪ አይሆንም፤ አብሮት መብላት፣ መቀመጥና እርሱን ማስታመም ጉዳት አያስከትልም። በራጅ የተመረመረ ሰው ሌላውን እንደማይጎዳ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። በሂሮሺማና ናጋሳኪ ከጥቃቱ በኋላ ከተረፉ ወላጆች በተወለዱ ልጆች ላይ በተደረገው የረጅም ጊዜ ክትትልም በዘር የተላለፈ ጉዳት መጨመሩ አልታየም። በመሆኑም ተጎጂዎችን ማግለል ተገቢ አይደለም።

እንደ ጎያኒያው አደጋ ዱቄት ወይም ፈሳሽ በሰውነትና በልብስ ላይ ሲያርፍ ግን ብክለት ይባላል። የተበከለ ሰው የላይኛውን ልብስ አውልቆ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስሮ ሰው በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ሰውነቱንም ቆዳን ሳይፈገፍግ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል። ልብስ ማውለቅ ብቻውን አብዛኛውን ብክለት ያስወግዳል። እጅ ሳይታጠቡ መብላት፣ መጠጣት ወይም ማጨስ አይገባም።

አጠራጣሪ ቁስ ሲገኝ መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

1. ባለ ሦስት ክንፍ የጨረራ ምልክት ያለበትን፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ መያዣን ወይም በፍተሻ ሥፍራ የወደቀ ትንሽ አብረቅራቂ ብረትን አይንኩ፤ አይክፈቱ፤ አይሽጡ፤ አያቅልጡ። ምልክቱ ሊጠፋ ወይም ቀፎው ላይ ላይኖር ስለሚችል፣ ምልክት አለመኖሩን እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱ።

2. ወዲያውኑ ይራቁ። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ሲርቁ የሚያገኝዎት ጨረራ ወደ ሩብ፣ ወደ አሥር ሜትር ሲርቁ ደግሞ ወደ መቶኛ ይቀንሳል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በቅድሚያ እንዲርቁ ያድርጉ።

3. ቢያንስ በ30 ሜትር ዙሪያ ሰውና ከብት እንዳይቀርብ ይከልክሉ። ቁሱን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ተቋም ይዘው አይሂዱ፤ ባለበት ይተዉት።

4. በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ፣ ለቀበሌ አስተዳደር ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያሳውቁ። የተገኘበትን ቦታና ሰዓት፣ የነኩትንና በአቅራቢያው የቆዩትን ሰዎች ይንገሩ።

5. ቁሱን የነካ ወይም አጠገቡ የቆየ ሰው ሕመም ባይሰማውም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። «እንዲህ ያለ ብረት አንሥቼ ነበር» የሚለው አንድ ቃል ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ በላይ ይጠቅማል።

6. ለቼርኖቢል ዓይነት አደጋ የሚታዘዘው የአዮዲን ክኒን የሚከላከለው ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ነው፤ ለኢሪዲየም፣ ለኮባልትና ለሲዝየም አያገለግልም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ።

በጤና ተቋማት ለሕይወት አስጊ የሆነ ሌላ ጉዳት ካለ የእርሱ ሕክምና ይቀድማል፤ ስለ ጨረራ በመሥጋት ሊዘገይ አይገባም። ማስመለስ የጀመረበት ሰዓት ይመዘገባል። የሊምፎሳይት ቁጥር በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚያሳየው ቅናሽ የጨረራውን መጠን ስለሚጠቁም የደም ቆጠራ ተደጋግሞ ይደረጋል። ሕክምናው ኢንፌክሽንን መከላከል፣ ደም መስጠት፣ መቅኒን የሚያነቃቁ መድኃኒቶችንና የቁስል ቀዶ ሕክምናን ይጨምራል። ሲዝየም ወደ ሰውነት ሲገባም ከሰውነት እንዲወጣ የሚረዳ መድኃኒት አለ።

የአሠሪዎች ግዴታና የዜጎች መብት

ኢትዮጵያ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት። በአገሪቱ የጨረራ ምንጮች አጠቃቀም በጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የሚመራ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይከናወን የነበረው የቁጥጥር ሥራ ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተላልፏል። ጨረራ አመንጪ ቁስ ለመያዝ፣ ለማጓጓዝና ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል።

በዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃዎች መሠረት በጨረራ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት፣ ሌላው ሕዝብ ደግሞ ከዚሁ ሥራ በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳያገኘው ይጠበቃል። አሠሪው ለባለሙያዎቹ የግል መጠን መለኪያ ማቅረብ፣ ፍተሻ በሚካሄድበት ወቅት ሥፍራውን ማጠርና ምልክት ማድረግ፣ ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላም ቀፎው ወደ መያዣው መመለሱን በመሣሪያ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ነዋሪ በሚናገረው ቋንቋም ቢነገር ጥቅሙ የላቀ ነው፤ በጉባ ለጉሙዝኛ ተናጋሪው የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ሊኖር ይገባል። በያጁ፣ የቀን ሠራተኛውና በአቅራቢያው የሚያርሰው ገበሬ ፍተሻው መቼና የት እንደሚካሄድ የመጠየቅና የማወቅ መብት አላቸው።

የጠፋ የጨረራ ቀፎን በፍጥነት ማሳወቅ በቁሱ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ከጉዳት ያድናል፤ ቁሱን ሳያውቅ ያነሣ ሰውም ሳይፈራ ፈጥኖ ቢናገር ራሱንና ቤተሰቡን ይታደጋል።