ጥር 25 ሳይደርስ

የቀድሞ ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ለመርቆርዮስ ደብረ ታቦር እመጣለሁ» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ኑ እንጂ! ፈረሱም ጉግሱም ይጠብቃችኋል። ዛሬ ግን ስለ ሌላ በዓል ላንሳ፤ ስለ 2012ቱ የጎንደር ጥምቀት።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረልን። ደስታው ገና ሳይበርድ፣ ጥር 11 ጠዋት፣ በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ከነሰዉ ወረደ። ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ ከ100 በላይ ቆሰለ። እኔ ያን ቀን እዚሁ ቤቴ ሆኜ ስልክ ስደውል ዋልኩ፤ አንዱም አይገባም።

መዋኛውን ታውቁታላችሁ። ውኃው ከቀሀ ወንዝ በቦይ ይመጣል፣ ዙሪያው በግንብ የታጠረ ነው። የተሠራው ለቤተ መንግሥቱና ለከተማው ሰው ነው። አውቶቡስና አውሮፕላን ያን ሁሉ ሕዝብ አምጥቶ እንደሚያራግፍበት ማን አስቦ! ግንቡ ዛሬም ያው ነው። ቦታ ሲጠበን ወደ ላይ በእንጨት ቀጠልን፤ ስንት ሰው እንደሚችል ግን የቆጠረ ያለ አይመስለኝም።

አሁን «በአፕ ይመዝገቡ፣ በሰዓት ይግቡ» የሚል ሐሳብ ይሰማል። ጥሩ ነው፤ ግን በዚያ ግርግር መሐል ኔትወርክ የት አለ? መካን እዩ። በ1998 ዓ.ም ጥር ላይ ጀመራት በሚባለው ድልድይ ከ340 በላይ ሐጃጆች ተረጋግጠው ሞቱ። ሳዑዲዎች ድልድዩን አፍርሰው ባለ ብዙ ፎቅ ሠሩ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ለዩ፤ ካሜራውም ያን መንገድ ነው የሚጠብቀው። የእጅ አምባሩ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

የኛው ቴዎድሮስም ይህ ገብቷቸው ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ መድፉም ያ ሁሉ ሕዝብም የሚሄደው ከፊት ድንጋይ እየተፈለጠ መንገድ ሲወጣለት ነበር። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። (ጨካኝ ነበሩ የምትሉኝን ሰምቻለሁ፤ እሱ ሌላ ቀን።)

የኛ መርቆርዮስ ደግሞ ግንብም ትኬትም የለውም፣ ሜዳ ነው። አደጋው ፈረሱ ሲጋልብ ሰዉ ለቲክቶክ ብሎ እየተገፋ ወደ መሐል መግባቱ ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች በዱላ መሬት ላይ መስመር ያሰምሩ ነበር፤ ያን መስመር የሚያልፍ ወየውለት። ዛሬ ገመድ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ከፍ ካለ እንጨት ላይ ሁለት ካሜራ (ድሮን አላልኩም!)፣ በስልክ ሳይሆን በሬዲዮ የሚነጋገሩ አሥር ልጆች ይበቃሉ። አምቡላንስ የሚወጣበት መንገድም ከዋዜማው ይከለል።

ሲቪልና ኮምፒውተር የተማራችሁ ልጆቼ፣ ሜዳው ስንት ሰው እንደሚይዝ ለክታችሁ በወረቀት ብታመጡልኝ፣ ይዤው ለኮሚቴው የምገባው እኔ ነኝ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ።