የተሠራውና የታሰበው

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፍራንክ ሮዘንብላትን ፐርሴፕትሮን ለጋዜጠኞች አሳየ፤ ይኸውም እንደ አእምሮ ከልምድ ይማር ዘንድ የታሰበ የኮምፒዩተር ሥራ ነበረ። ኮምፒዩተሩም ከ50 ሙከራ በኋላ ምልክቱ በግራ የሆነውን ካርድ ምልክቱ በቀኝ ከሆነው ለየ። ይህ ብቻውን ያስመሰግን ነበረ። ነገር ግን በማግሥቱ ኒውዮርክ ታይምስ ለሕዝብ ያደረሰው ወሬ፥ መኪናው ወደ ፊት እንዲሄድ፥ እንዲናገር፥ እንዲጽፍ፥ መኖሩንም እንዲያውቅ ይጠበቃል የሚል ነበረ። ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ «ይጠበቃል» ብሏልና፤ ዳሩ ግን ይህችን ቃል ስንቱ አንባቢ ልብ ይላታል? የተሠራውና የታሰበው በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ። በ1969 ሚንስኪና ፓፐርት የአቅሙን ወሰን በመጽሐፍ ባሳዩ ጊዜ፥ ተስፋው ወደ ንቀት ተለወጠ፤ ለጥናቱም የሚሰጠው ገንዘብ አነሰ። ሮዘንብላት በ1971 ሞተ፤ አሳቡ ግን ደርብ በደርብ እየተሠራ ዛሬ ከሰው ጋር ለሚነጋገሩት ኮምፒዩተሮች መሠረት ሆኗል።