ከቤት የሚሄድ ዕውቀት
(በታሪክ ክበብ ተማሪዎች የተዘጋጀ)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ነገ ከነገ ወዲያ ከመካከላችን ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። ከቤታችንና ከመንደራችን ይዘነው የምንሄደው ዕውቀት በዚያ ተቀባይ ያገኛል ወይስ ከበሩ ላይ ይቀራል?

ነገሩን ከቦታችን ስም እንጀምር። ሰው ሁሉ ገፈርሳን የሚያውቃት ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ በምትሰጥበት ግድቧ ነው። ገፈርሳ ማለት ግን በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በአካባቢያችን ጎሽ አይታይም፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ስሙን በካርታ ላይ ያነበዋል እንጂ ምን እንደሚል አይሰማውም። ከዚህ እንደምንረዳው ያገር ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በስም፣ በተረት፣ በእጅ ሥራና በሽማግሌ አንደበት ተቀምጦ ይኖራል።

አንድ ቀን በባዮሎጂ ትምህርት ላይ መምህራችን አንድን ተክል በሳይንስ ስሙ ጠርተው የሚያውቀው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ሥዕሉንም አሳዩን። ሁላችንም ዝም አልን። በዕረፍት ሰዓት ግን አንዲት ጓደኛችን፣ «ይህማ አያቴ ነጠላ የሚያጥቡበት አንዶዴ ነው» አለችን። አንዶዴ በአማርኛ እንዶድ የምንለው ነው። በክፍል ውስጥ ለምን እንዳልተናገረች ብንጠይቃት፣ «አፍሬ ነው፤ የቤት ነገር ትምህርት አልመሰለኝም» ብላ መለሰች። ይህ አነጋገር አሳዘነን፤ ታሪኩንም እንድንመረምር ያነሣሣን እርሱ ነው።

ስንመረምር ያገኘነው የመጀመሪያው ታሪክ ስለዚያው ስለ እንዶድ ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ወጣቱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለመመርመር ወደ አድዋ ሄደው ነበር። ይህ በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው የሚደርስ ነው። ዶክተሩ ወንዙን ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። ከአረፋው ወስደው በሕይወት ባሉት ላይ ቢሞክሩት እነዚያም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ተጠና፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ስለ ተክሉ አመራረት በመመርመር ተባበሩዋቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

እንግዲህ እናስተውል። ዶክተሩ በትምህርት ቤት የቀሰሙት ዕውቀት ባይኖር ኖሮ፣ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ከበሽታው ጋር አያያይዟቸውም ነበር። ሴቶቹም የእንዶድን ጥቅም ባያውቁ ኖሮ፣ ዶክተሩ በወንዙ ዳር የሚያዩት ነገር ባልኖረ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች የተገናኙት ግን በአጋጣሚ ነው። በአጋጣሚ የሆነው በሥርዓት እንዲሆን የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ምን አድርጓል?

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። መምህራኑ በአብዛኛው ከውጭ አገር የመጡ ሲሆኑ የማስተማሪያውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ መጻሕፍት፣ የብራና ጽሑፎችና የልዩ ልዩ ሕዝቦች መገልገያ ዕቃዎች በዚያ ይሰበሰቡ ጀመር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያደርግ ነበር። ብዙዎቹ ሊያስተምሩ ሄደው ራሳቸው ተምረው የተመለሱ ይመስለናል።

የቋንቋው ታሪክ ግን ከዚህ ይረዝማል። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው በኋላ ነጻ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እንደርሳቸው ከባርነት ነጻ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አሳተሙ። አስቴር ተረቱንና ምሳሌውን ከትዝታቸው እያወጡ ይጽፉ ነበር። በ1899 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። ይህን የመሰለ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቶ ሳለ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኦሮምኛ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ አልነበረም። ልጁ በቤቱ በአንድ ቋንቋ ያድጋል፣ በአንደኛ ደረጃ በሌላ ይማራል፣ ከዚያም በሦስተኛ ይፈተናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በሐሮማያና በወለጋ ዩኒቨርሲቲዎች ኦሮምኛ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ይሰጣል።

ከቋንቋውም ሌላ ስለ ሕዝቡ ሥርዓት ጥናት ተደርጓል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ከቦረና ሽማግሌዎች ዘንድ ተቀምጠው ያጠኑትን የገዳ ሥርዓት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ገዳን በማይዳሰስ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው። ይህ ሁሉ ክብር የመጣው ሽማግሌዎቹ በቃላቸው ከያዙት ዕውቀት ነው።

ተማሪውን ለመርዳትም አንዳንድ ነገር ተሠርቷል። ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ተማሪዎችና ለሴቶች ልጆች የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ ለብዙ ዓመታት ዝቅ ተደርጎላቸው ነበር። ነገር ግን በሩን መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ የገባው እንግዳ ሲናገር የሚሰማው ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር፣ በአንትሮፖሎጂ ትምህርት ውስጥ ስለ አገር በቀል ዕውቀት አንድ ምዕራፍ ገብቷል። ይህ የሚመሰገን ጅምር ነው። ይሁን እንጂ የግብርና ተማሪ ከገበሬው፣ የሕክምና ተማሪ መድኃኒት ከሚያውቁ እናቶች፣ የሕግ ተማሪም ከአስታራቂ ሽማግሌዎች የሚማርበት ሰዓት በየትምህርቱ ሊመደብ ይገባል እንላለን። በኒው ዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ዋናንጋ የተባሉ የራሱን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች መሥርቶ በቋንቋውና በልማዱ ያስተምራል፤ ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «የአያት ነገር ሁሉ እውነት ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። እኛ እንዲህ አንልም። ዶክተር አክሊሉ እንዶዱን ሳይንቁትም፣ ሳይመረምሩም አልተቀበሉትም። የምንለምነውም ይህንኑ ነው፤ የቤታችን ዕውቀት እንደ ሌላው ሁሉ ይጠየቅ፣ ይመርመር፣ እውነት ሆኖ ሲገኝ ከባለቤቱ ስም ጋር ይጻፍ። እንግሊዝኛንም አንጠላም፤ የዓለምን መጻሕፍት የምናነብበት ቋንቋ ነውና። ነገር ግን የውጭውን ለመማር የራሳችንን እንድናፍርበት ግድ የሚለን ምክንያት አላገኘንም።

ለሌላው መክረን እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ አንድ ሥራ ጀምረናል። እያንዳንዱ የክበባችን አባል በክረምት ዕረፍት ከሽማግሌዎችና ከእናቶች አሥር አሥር የተክል ስም ከነጥቅሙ ጠይቆ፣ የነገረውን ሰው ስም ጨምሮ በአማርኛና በኦሮምኛ እንዲያመጣ ተስማምተናል። መዝገቡ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ከእኛ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም መጥተው እንዲያዩትና እንዲያርሙት በአክብሮት እንለምናለን።

በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፈችው ያችው በክፍል አፍራ የነበረችው ጓደኛችን ናት። ቃሉም «አንዶዴ» የሚል ነው፤ ከጎኑ የአያቷ ስም አለ።