ለምድና ጉሬዛ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ሐርቡ ሲደርስ፣ ከደጋው ብርድ ወደ ቈላው ሙቀት መሻገሩን ሰውነቱ ይነግረዋል። ይህ አካባቢ ደገኛና ቈለኛ የሚገናኝበት፣ ከብትና ቆዳ ለገበያ የሚወጣበት አገር ነው። በስተ ምሥራቅ ያለው የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ያገናኛል፤ ኮምቦልቻም የቆዳ ፋብሪካ አላት። ፋብሪካው ግን ቆዳውን ለማልፋት በመጀመሪያ ጠጕሩን ያስወግዳል። አባቶቻችን በአንጻሩ፣ ነገሩ የክብር ልብስ በሆነ ጊዜ፣ የቆዳውን ዋጋ የሚያዩት በጠጕሩ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልናስታውስ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ጠጕራም ቆዳ በአገራችን የለባሹን ማንነት የሚናገር ምልክት ነበረ። ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ የበግ ደበሎ ይለብሳል። ጀግናው ደግሞ የአንበሳ ወይም የነብር ለምድ ደርቦ፣ በራሱ ላይ ጎፈር ይደፋ ነበር። ደበሎው ትሕትናን፣ ለምዱ ጀብዱን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1896 ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ ዐድዋ በዘመቱበት ዘመን፣ ለምድና ጎፈር ገና የጦር ሜዳ ጌጥ ነበሩ። ኋላም ለምድ ከከፋይ ተሰፍቶ በወርቅ ክር ሲጠለፍ፣ ጫፉ እየተሰነጠቀ ቍልቍል የሚንጠለጠለው የአውሬውን እግርና ጅራት እንዲያስታውስ ነው። አውሬው ከልብሱ ቢለይም መልኩ በልብሱ ላይ ቀረ።

ከእነዚህ አራዊት ይልቅ ስሙን ለዓለም ያዋሰው ግን ጉሬዛ ነው። ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ስም ጠቅሷል። ሉዶልፍ ስለ አገራችን ብዙውን ነገር የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ እኚህም ሊቅ በዛሬው ደቡብ ወሎ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ከዚያም ሩፔል የተባለው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1835 እንስሳውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ የአገሩን ስም ሳይለውጥ «ጉሬዛ» ብሎ መዘገበው። በቆዳውም ጦረኞች ጋሻቸውን ያስጌጡበት እንደ ነበረ ጽፏል። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ኑሮውም ከዛፍ ላይ ነው። በጥቍር ገላው ግራና ቀኝ የሚወርደው ረጅም ነጭ ጠጕር ካባ የደረበ ያስመስለዋል። ለጥፋት ያጋለጠውም ይኸው ጌጡ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ወይዛዝርት የጉሬዛንና የዘመዶቹን ቆዳ ለካባና ለልብስ ጌጥ ፈለጉት፤ ከአፍሪካም በብዛት ይጫን ጀመር። በዚህ ጊዜ የነገሩ ጠባይ ፈጽሞ ተለወጠ። አንድ ለምድ የአንድ ሰው ታሪክ ነበረ፤ የገበያ ቆዳ ግን ቍጥር ብቻ ነው። ቍጥርም መጨረሻ የለውም። በሰሜን ፓስፊክ የሚኖረው ኦተር የተባለው የባሕር እንስሳ የደረሰበት ይህንን ያስረዳል። ከ1741 ወዲህ ስለ ጥቅጥቅ ጠጕሩ ሲታደን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 አራት መንግሥታት በውል ሲከለክሉ በሕይወት የቀረው ከ2,000 የማይበልጥ እንደ ነበረ ይገመታል።

በአገራችንም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጉሬዛ ቆዳ እየተገጣጠመ ምንጣፍ ሆኖ ለአገር ጐብኚ ይሸጥ ነበር። ሕግ አልጠፋም፤ የአደን ዐዋጅ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የዱር አራዊት ጥበቃ ደንብም በ1972 ወጥተዋል። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የዱር አራዊትን ንግድ የሚቈጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ስትቀበል፣ ጉሬዛም በዚያ መዝገብ ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ፣ ቆዳው ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ብቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሕግ አዳኙን ቢከለክል ዛፍ አይተክልም። ጉሬዛ ደን ከሌለው፣ ቆዳውን የሚነካበት ሰው ባይኖርም ይጠፋል። ስለዚህ በደሴ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አይተው ወደ ሐርቡ የሚወርዱ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸው ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዲያስተምሩልን እንለምናለን፤ ለምዱን ከነክብሩ፣ እንስሳውንም ከነደኑ። ለምዱን በሙዚየም ማኖር ይቻላል፤ ጉሬዛን ግን ከዛፉ በቀር የሚያኖረው የለም።