የወሎ ረሃብ ፊልምና ንዑስ ሴራው

የፊልም ድርሰት ስንጽፍ ንዑስ ሴራን እንደ ቅመም የምንቆጥር ብዙዎች ነን። ዋናው ታሪክ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ፍቅር፣ ትንሽ ቀልድ ጣል! የንዑስ ሴራ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ዋናው ታሪክ ብቻውን የማይመልሰውን «ለምን?» መመለስ ነው። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ደጃችን አለ።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የፊልሙ ታሪክ አንድ ነበር፦ የሚያልቅ ሕዝብ። ያየው ሰው አዘነ፣ ገንዘብም አዋጣ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ማታ ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ግን መቀስ ገብቶበት ነበር። ከረሃብተኛው ሥዕል ጎን የቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች ተቀጠሉ። የተቀጠለው ስለ ረሃቡ አንድም አዲስ ወሬ አይነግርም፤ ጥያቄውን ግን ለወጠው። እስከዚያ ሰማይ ይከሰስ የነበረው ነገር ምድር ላይ ተከሳሽ አገኘ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያወረዳቸው ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ የወራት ዐመፅ ቀድሞ ነበር። ፊልሙ ግን ለሕዝቡ ምክንያቱን በዓይኑ አሳየው።

ታዲያ ግሩም ሥራ ብለን እንለፈው? የለም። ንዑሱ ዋናውን ዋጠው። ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካች የሚጠይቀው «ንጉሡ ምን ይሁኑ?» ነው እንጂ «የሐብሩ ገበሬ ምን ይብላ?» አይደለም። ገበሬው በገዛ ታሪኩ ውስጥ ምስክር ሆኖ ቀረ።

ዋናውን የሚሸከም ንዑስ ሴራ እኮ እዚሁ ነበር፦ መንገዱ! ከደሴ ተነሥቶ በውርጌሳ፣ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ ቆቦ፣ ወደ ኮረም የሚዘልቀው የአስመራ መንገድ። የተራበው ሰው ከየቀዬው ወጥቶ በዚህ መንገድ ዳር ሰፈረ። አማርቲያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም በዚያው መንገድ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደ ነበር ተዘግቧል። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት አልነበረውም። ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እህል በፊቱ ሲያልፍ፣ እዚህ ላይ «ለምን?» ይመለሳል፤ ባለታሪኩም ከሥዕሉ አይወጣም።

ግብዣውን ብቻ ያየ ሰው ጋባዡ ሲለወጥ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ባወጣው መቀስ ራሱ ተቆረጠ!

እንግዲህ ንዑስ ሴራ ስንጨምር ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ቢወጣ ዋናው ታሪክ ምን ይጎድልበታል? ይህ ሲገባስ ባለታሪኩ ማን ይሆናል? የወሎ ገበሬ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅለት ደራሲ ገና ይጠብቃል።